«ኦኬ» ከየት መጣች? ክትፎ የተወራረዱት ባልደረቦች ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በሻይ ሰዓት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ተጨቃጨቅን። ነገሩ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ «ኦኬ፣ ኦኬ» ስንል እንውላለን፤ ግን ይቺ ቃል ከየት መጣች? እሱ ቲክቶክ ላይ ያየውን ይዞ ድርቅ አለ። የአሜሪካ ወታደሮች ከውጊያ ሲመለሱ ማንም ካልሞተባቸው ሰሌዳ ላይ ዜሮ ቁጥርና ኬ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ኬ «የተገደለ» ማለት ነው፤ ስለዚህ «ዜሮ ሟች» ማለት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ግሪክ አገር የተማረ አጎቴ «ኦላ ካላ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ ሁሉም ጥሩ ነው ማለት ነው» ሲል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ውርርዱ ክትፎ ነው። ፍረዱን። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ተበልታችኋል። ክትፎውን ግማሽ ግማሽ ክፈሉ።

መጀመሪያ የባልደረባህን እንይ። የዜሮ ሟች ታሪክ አንዴ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ትለጠፋለች፣ አንዴ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ። ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቃሏ ግን ከዚያ 22 ዓመት ቀድማ ጋዜጣ ላይ ታትማለች። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ደግሞ «ኦኬ» ያለው አያቱም ይሏት ስለነበር ነው። በዚህ ላይ ተመልከት፤ ሰሌዳ ላይ የሞተ ሰው ቁጥር የሚጻፍ ከሆነ ሦስት ሲሞት «ሦስት ኬ»፣ አምስት ሲሞት «አምስት ኬ» መባል ነበረበት። እንዲህ የሚል የወታደር ደብዳቤ ግን የለም።

የአጎትህ ትንሽ ይሻላል። «ኦላ ካላ» እውነተኛ ግሪክኛ ነው፣ ትርጉሙም እንዳሉት ነው። ግን ሁለት ቃላት በድምፅም በትርጉምም ስለተቀራረቡ ብቻ ዘመድ አይሆኑም። ግሪካውያን ይህን ቃል አሜሪካ ውስጥ ለሰው ሲያወርሱ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። እሱ ወረቀት አልተገኘም።

ሌላ ወረቀት ግን አለ።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ማርች 23 ቀን 1839 ነው። ከተማው ቦስተን፣ ጋዜጣው ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት። ገጽ ሁለት ላይ አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ከጎረቤት ከተማ ጋዜጣ ከፕሮቪደንስ ጆርናል ጋር ነገር እየተፈላለገ ነው። ጠቡ የምር አይደለም፤ የቃላት ቡጢ ነው። ርዕሱ «ፀረ ደወል ማኅበር» የተባለ፣ ከስሙ ጀምሮ ቀልደኛ የሆነ የቦስተን ቡድን ነው። የማኅበሩ ሰዎች ወደ ኒው ዮርክ ሄደዋል። ግሪን ምን ይላል መሰለህ፤ ሰዎቹ ሲመለሱ በፕሮቪደንስ በኩል ካለፉ የጆርናሉ አዘጋጅ መዋጮውንም ምኑንም «ኦ.ኬ. — ሁሉም ትክክል —» አድርጎ ይቀበላቸዋል፣ የጠርሙስ ቡሽም እንደ እሳት ፍንጣሪ ወደ ላይ ያስፈነጥራል። በቃ። ሌላ ነገር የለም። አንድ ሰው ሌላውን «መጠጥ ጋብዘን እንጂ» እያለ የሚተርብበት ረጅም ዓረፍተ ነገር መሃል፣ በትንንሽ ፊደል፣ በሁለት ሰረዝ መካከል ከነትርጉሟ ተሸጉጣ ትገኛለች። እስካሁን የሚታወቀው የመጀመሪያው የታተመ «ኦኬ» ይህ ነው።

ትርጉሙ አብሮ መታተሙ ትልቅ ነገር ነው። ማንም እንዲገምት አልተተወም።

አሁን ደግሞ «ሁሉም ትክክል» እንዴት «ኦኬ» ይሆናል ትለኛለህ። በእንግሊዝኛ «ኦል ኮሬክት» ነው። በትክክል ሲጻፍ የመጀመሪያው ቃል በኤ ይጀምራል፣ ሁለተኛው በሲ። ቢያሳጥሩት ኤ.ሲ. ነበር መሆን ያለበት። የቦስተን ቀልደኞች ግን ፊደል በደንብ ያልቆጠረ ሰው በጆሮው እንደሰማው ቢጽፈው ምን ይመጣል ብለው አንዱን በኦ፣ ሌላውን በኬ ጀመሩት። ስለዚህ «ሁሉም ትክክል» የሚለው ራሱ ሁለቱም ፊደሉ ስህተት ነው፤ ሳቁ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወደኛ ስናመጣው፣ አንዱ ተረበኛ «ሁሉ ሰላም» የሚለውን «ሁ.ሰ.» ብሎ በማሳጠር ፋንታ ሆን ብሎ በብዙኃኑ ኀ እና በንጉሡ ሠ «ኁ.ሠ.» ብሎ ቢጽፈው ማለት ነው። የአማርኛ መምህሩ ራሱን ይይዛል፣ ክፍሉ ይስቃል።

እሱ ብቻ አልነበረም። በ1830ዎቹ መጨረሻ ቦስተንና ኒው ዮርክ ላይ ማሳጠር ፋሽን ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ልጆቻችን በቴሌግራም እንደሚያሳጥሩት መሆኑ ነው። «ኦል ራይት» የሚለውንም በዚያው ዘዴ አጣመው ኦ.ደብሊዩ. ይሉት ነበር። «ጥቅም የለውም» ለማለት ኬ.ዋይ.፣ «አይሆንም» ለማለት ኬ.ጂ.። ዕዳውን ሸሽቶ ለጠፋ ሰው ደግሞ ጂ.ቲ. አለች፤ «ቴክሳስ ሄዷል» ማለት ናት። ለኔ ከሁሉም የምታስቀው እሷ ናት፣ ግን ሞታለች። ሁሉም ሞተዋል። ኦኬ ብቻ ተረፈች።

ለምን ተረፈች? ምርጫ ደረሰላት።

በ1840 ስምንተኛው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ይወዳደር ነበር። ሰውየው የተወለደው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኪንደርሁክ በምትባል፣ ኔዘርላንዶች በሰፈሩባት ትንሽ ከተማ ነው። እንዲያውም አፉን የፈታው በደች ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እሱ ብቻ ነው። ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሉት ነበር፣ የኪንደርሁኩ አዛውንት እንደማለት። ፊደሎቹን ቁጠራቸው። ኦ እና ኬ! ኒው ዮርክ ያሉ ደጋፊዎቹ «የኦ.ኬ. ክበብ» አቋቋሙ። ትርጉሟ እጥፍ ሆነ፤ አዛውንቱም፣ ሁሉም ትክክል መሆኑም በሁለት ፊደል ተገለጸ። የክበቡ ጎረምሶች «ኦኬ» እያሉ የተቃዋሚዎችን ስብሰባ እስከ መበጥበጥ ደረሱ።

ተቃዋሚዎቹ፣ የዊግ ፓርቲ ሰዎች፣ ዝም አላሉም። ከ1837ቱ የባንክ ቀውስ በኋላ አገሩ ገንዘብ ጠፍቶበት ነበርና «ኦኬ ማለት ኪሱ ባዶ ማለት ነው» ብለው ፊደሎቹን ወደ ስድብ መለሱት። «ጥሬ ገንዘብ አልቋል» የሚለውን እንግሊዝኛ በኬ ጀምረው ሲጽፉት ኦ.ኬ. ይመጣል። ሌላው ደግሞ «አሰቃቂ መቅሰፍት» የሚለውን አጣሞ ጻፈው፤ እሱም ኦ.ኬ. ሆነ። እንዲህ ስትወረወርና ስትያዝ፣ የምርጫው ዓመት ሲያልቅ ቃሏን ያልሰማ ሰው ጠፋ። ቫን ቡረን ራሱ 60 ለ234 በሆነ የመራጮች ጉባኤ (ኤሌክቶራል ኮሌጅ) ድምፅ በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸንፎ ወደ ኪንደርሁክ ተመለሰ። ቃሏ ግን አልተመለሰችም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ዛሬም መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ከቫን ቡረን በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ትምህርት ስላልነበረው ወረቀት ላይ «ኦል ኮሬክት» በማለት ፈንታ ኦ.ኬ. እያለ ይፈርም ነበር የሚል ወሬ አለ። ይቺ በ1840ው የምርጫ ግርግር የጃክሰን ጠላቶች የፈበረኳት ፌዝ ናት። በኋላ ደግሞ ጃክሰን ጠበቃ ሳለ ቴነሲ ውስጥ በ1790 በተጻፈ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ኦ.ኬ. ተገኘ ተባለ። ሰዎች ሄደው የእጅ ጽሑፉን ሲያዩት ኦ.አር. ሆነ፤ «እንዲመዘገብ ታዟል» የሚል የጸሐፊ ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ ውል የፈታው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። በ1941 የኪንደርሁኩን ጉዳይ አወጣ። በዚያ አልቆመም፤ የድሮ ጋዜጣ እያገላበጠ ወደ ኋላ ሄደ። ኮምፒውተር የለም፣ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው የደበዘዘ ጋዜጣ ነው። በ1963 እና በ1964 አሜሪካን ስፒች በተባለ መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቶ የቦስተኑን የ1839 ቅዳሜ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በቋንቋ ሊቃውንት መካከል ነገሩ ከሞላ ጎደል የተዘጋ መዝገብ ነው። ቲክቶክ ላይ አልተዘጋም።

የቴሌግራፉንም ነገር ላስገባ። ሳሙኤል ሞርስ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የዘረጋው መስመር በ1844 ሥራ ጀመረ። ቴሌግራፈኛ ደግሞ አጭር ነገር ይወዳል፣ እያንዳንዱ ፊደል መታ መታ ተደርጎ ነው የሚላከው። «መልእክትህ ደርሶኛል፣ ችግር የለም» ለማለት ሁለት ፊደል ተገኘች። ባቡር ጣቢያዎችም በዚያው ሽቦ ነበር የሚነጋገሩት። ቀልድነቷን ያወለቀችው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ባቡር ልቀቅ አትልቀቅ የሚባባሉ ሰዎች እጅ ከገባች በኋላ ማን ይስቅባታል? በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ፣ ሞተሩ እንደጠፋ በዝ ኦልድሪን ቀጥሎ የተናገረው «ኦኬ» ብሎ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ የክፍል ሥራ ተሰጥቶት «ኦኬ የመጣው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ያምንበት ነበር» ብሎ ጻፈ። የክፍል ጓደኛው ሴኔጋላዊ ነው፤ እሱ ደግሞ «የኛ ነው፣ አባቴ ነግሮኛል» ብሎታል። እኔ ምን ልበለው? ሁለቱንም ውሸት ነው ብዬ ላስከፋቸው አልፈልግም። (የአንድ ተማሪ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ማስከፋት አያስፈልግም፣ ሁለቱም ያመጡት ባዶ ወሬ አይደለም።

የልጅሽ ታሪክ የቾክቶ ሕዝብን ይመለከታል። በቾክቶ ቋንቋ «ነው፣ እንዲያ ነው» የሚል ትርጉም ያለው፣ «ኦኬህ» ተብሎ የሚጻፍ ቃል አለ። ከ1913 እስከ 1921 ፕሬዚዳንት የነበረው ውድሮው ዊልሰን ይህን አመጣጥ ስላመነበት ወረቀት ላይ ሲያጸድቅ በዚህ አጻጻፍ ይጽፍ ነበር። ዊልሰን ፕሮፌሰርና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነውና ብዙዎች አምነውት አለፉ። በነገራችን ላይ በ1918 የተቋቋመ ኦኬህ የሚባል የሙዚቃ ሸክላ ኩባንያም ነበር፤ እሱ ግን ከቾክቶም ከዊልሰንም አይደለም፣ የመሥራቹ የኦቶ ኬ. ኢ. ሃይነማን የስም ፊደላት ናቸው።

የቾክቶው ሐሳብ የሚወድቀው በጊዜ ነው። በ1839 እና በ1840 ቃሏን ጋዜጣ ላይ ከሚጫወቱባት ሰዎች አንዳቸውም «ከቾክቶ የወሰድነው ነው» አላለም። ሐሳቡ የመጣው ቃሏ ካረጀች በኋላ ነው። ቾክቶዎች በዚያን ጊዜ የነበሩበት ሁኔታም ከቦስተን ቀልድ የራቀ ነው፤ በ1830 ጃክሰን በፈረመው ሕግ ከሚሲሲፒ መሬታቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ ተነድተው ነበር። የተወሰዱበት ቦታ ዛሬ ኦክላሆማ ይባላል። ስሙ በራሳቸው ቋንቋ ነው፣ «ኦክላ» ሕዝብ፣ «ሁማ» ቀይ። የግዛቲቱ የፖስታ ምልክት ምን እንደሆነ ልጅሽን ጠይቂው፤ ኦ እና ኬ ነው። ይቺ እንኳ አጋጣሚ ናት፣ ግን የክፍል ሥራው ላይ ብትገባ ታምራለች።

የሴኔጋሉን ደግሞ በቁም ነገር ነው የማየው። ሴኔጋል ውስጥ በሚነገረው በወሎፍ ቋንቋ «ዋው ካይ» የሚል አነጋገር አለ፣ «አዎን፣ እንዴታ» እንደማለት ነው። ዴቪድ ዳልቢ የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር፣ በባርነት ተይዘው ወደ አሜሪካ የተወሰዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ይዘውት ሄደዋል ብሎ ተከራክሯል። በባርነት ያለ ሰው አነጋገር ያኔ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ «አልታተመም» ብሎ መዝጋት ፍትሕ አይደለም። ቢሆንም የ1839ኙ ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን አብሮ ይዞ ቆሟል፤ «ሁሉም ትክክል» ይላል። ዙሪያውን ያሉት ኦ.ደብሊዩ.ና ኬ.ጂ.ም በአንድ ፋሽን የተሰፉ ናቸው። ከወሎፍ መጣ ካልን ለነዚህስ ምን ልንል ነው? የልጁ አባት ምናልባት ሌላ ነገር ቢነግሩት ይሻላል፤ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት እንግሊዝኛው ውስጥ ያለችውን ሙዝ፣ ማለትም «ባናና»ን፣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው የሚመልሷት። እሷን ይዞ ቢሄድ ማንም አይከራከረውም።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ከእናቴ ጋር ስንደዋወል «ሃሎ» ብለን እንጀምራለን፣ «ኦኬ ቻው፣ ኦኬ ቻው» እያልን ደግሞ ለመዝጋት ሩብ ሰዓት ይፈጅብናል። ኦኬን እንደምትጽፉበት ሰማሁ። ሃሎና ቻውስ? (ከዱባይ)

መልስ፦ ያው የሁሉም እናት አንድ ናት፤ ስልክ አትዘጋም።

ሃሎ የሚገርመው ድሮ ሰላምታ አለመሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ «ሃሎ» እና «ሃላው» የመሳሰሉት ሰው ከሩቅ ለመጥራት ወይም ለመደነቅ የሚባሉ ጩኸቶች ነበሩ፤ የኛ «ኧረ አንተ!» ዓይነት። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 ስልክን ሲያስተዋውቅ የሱ ምርጫ «አሆይ» ነበር። መርከበኞች ሲጠራሩ የሚሉት ነው። ቶማስ ኤዲሰን ግን በኦገስት 1877 ፒትስበርግ ላለ አንድ የቴሌግራፍ ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ፣ የመጥሪያ ደወል እንኳ የሚያስፈልገን አይመስለኝም፣ «ሄሎ» ከ10 እስከ 20 ጫማ ርቀት ይሰማል አለው። ያኔ ስልክ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆይ መስመር ይሆናል ብለው ነበር የሚያስቡት፤ ስለዚህ ጥያቄው ከማዶ ያለውን ሰው እንዴት እንጥራው የሚል ነበር። ጩኸት ነው የፈለጉት፣ ጩኸት አገኙ። ቤል ግን እስከ መጨረሻው አሆይን አልተወም ይባላል።

በ1878 ኒው ሄቨን ከተማ በወጣው የስልክ ማውጫ ላይ ለደንበኞች መመሪያ ተሰጥቷል። ንግግራችሁን «ሃሎ» ብላችሁ ጀምሩ ይላል። ስትጨርሱስ? «ይኸው ነው» በሉና ዝጉ። የመጀመሪያው ያዘ፣ ሁለተኛው አልያዘም። እናትሽን አንድ ቀን «ይኸው ነው» ብለሽ ብትዘጊባቸው ምን እንደሚከተል አንቺ ታውቂያለሽ።

ቻው እንግሊዝኛ አይደለም፣ ጣሊያንኛ ነው። ወደኛ የመጣው እንደ ማኪያቶና እንደ ፋብሪካ ከጣሊያኖች ጋር ነው። ጣሊያኖቹ ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል፤ እኛ የወሰድነው የመለያያውን ብቻ ነው። ሥሩ ግን ከቬኒስ ሰዎች አነጋገር ነው፣ «ባሪያዎ ነኝ» ከሚለው የአክብሮት ሰላምታ። የኛ አባቶች «አገልጋይዎ» ብለው ደብዳቤ እንደሚዘጉት ዓይነት ትሕትና ነበር። ከጊዜ በኋላ «ነኝ»ም «ዎ»ም ረግፎ ባሪያው ብቻ ቀረ፤ እሱም ተሸራርፎ ቻው ሆነ። በላቲን «ስክላቩስ» የሚባለው ይኸው ቃል መጀመሪያ የስላቭ ሕዝቦች ስም ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ብዙዎቹ ተማርከው ስለተሸጡ ስማቸው የባሪያ ስም ሆነ። የእንግሊዝኛው «ስሌቭ»ም ከዚያው ነው።